ጓሳ፦ ለሣሩ የወጣ ሕግ፣ ለቀይ ቀበሮው የተረፈ ምድር

በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ወጣ ብሎ የሚገኘው የጓሳ ደጋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተንጣለለ፣ ሣር የለበሰ፣ ውርጭ የማይለየው አገር ነው። ስፋቱን አንዱ ሰነድ 100፣ ሌላው 111 ካሬ ኪሎ ሜትር ያደርገዋል። የዚህን ምድር ወሰን ማን፣ መቼና ለምን ዓላማ ለካው የሚል ጥያቄ ስለሚያስነሳ፣ ልዩነቱን እንደ ተራ የቁጥር ግድፈት አናልፈውም። ከጓሳ የሚነሡ ጅረቶች ከፊሎቹ ወደ አባይ፣ ከፊሎቹ ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። በሣሩ መካከል ጅብራ ይቆማል፣ ጭላዳ ይግጣል፤ በመላው ዓለም ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 እንደማይበልጡ ከሚገመቱት ቀይ ቀበሮዎችም ጥቂቶቹ የሚኖሩት በዚሁ ነው።

ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋዎች በቀር መኖሪያ የለውም፤ ከእነዚያም ደጋዎች በአንዳንዶቹ ጠፍቷል። በዚያው በሰሜን ሸዋ በጎሽ ሜዳ ነበረ፣ ዛሬ የለም፤ በጎጃም በጮቄ ተራራ ነበረ፣ እዚያም የለም። ጎሽ ሜዳ ባዶ ሲቀር ጓሳ ለምን ባዶ አልቀረም? ለዚህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ አጭርና ደስ የሚያሰኝ ነው፦ የመንዝ ሰው ቀሮ በተባለ አገር በቀል ሥርዓት ምድሩን ለ400 ዓመታት ስለ ጠበቀ። መልሱ መሠረተ ቢስ ነው አንልም። ነገር ግን ምንጮቹን ጎን ለጎን አስቀምጠን ስንመረምራቸው፣ በዚህ አጭር መልስ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች፣ ማለትም የሥርዓቱ ዕድሜ፣ የሥርዓቱ ዓላማና የሥርዓቱ ቀጣይነት፣ ሳይለያዩ ተጠቅልለው እናገኛቸዋለን። የዚህ ጽሑፍ ተግባር ሦስቱን መለየት ነው።

በመጀመሪያ ስለ ምንጮቹ። በእጃችን ያለው ማስረጃ በሦስት ይከፈላል። አንደኛው ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈው የቃል ትውፊት ነው። ሁለተኛው የዘመናዊ ጥናት ሥራ ሲሆን፣ ከሁሉም በላይ ዘለዓለም ተፈራ እ.ኤ.አ. በ2001 ለእንግሊዙ የኬንት ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው የዶክትሬት ጥናትና ከናይጀል ሊደር ዊልያምስ ጋር በ2005 ያሳተመው ጽሑፍ ይጠቀሳሉ። ሦስተኛው የመንግሥት ሕግ ነው። ዛሬ ስለ ቀሮ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር፣ ምንጩን ቢጠቅስም ባይጠቅስም፣ ውሎ አድሮ ወደ ሁለተኛው ክፍል ይመለሳል፤ ሁለተኛው ደግሞ ስለ ጥንቱ ዘመን ሲናገር በአንደኛው ላይ ይደገፋል። እንግዲህ ብዙ ምስክሮች ያሉን ቢመስልም፣ ስለ አመሠራረቱ የሚናገረው ምስክር በመሠረቱ አንድ ነው።

ስለ ጥናቱ ዘመንም አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1968 ጋሬት ሃርዲን የጋራ የሆነ ሀብት ሁሉ በተጠቃሚዎቹ ስግብግብነት መጥፋቱ አይቀርም የሚለውን ዝነኛ ክርክሩን ካቀረበ በኋላ፣ ኤሊኖር ኦስትሮም በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ ሰዎች በራሳቸው ሕግ የጋራ ሀብትን ለረጅም ጊዜ ሊያስተዳድሩ እንደሚችሉ በብዙ ምሳሌ አሳየች። የጓሳ ጥናት የተካሄደው ይህ ክርክር በጋለበት ወቅት ነው፤ የጥናቱ ርእስ ራሱ ስለ ጋራ ሀብት አስተዳደር ይናገራል። ይህን የምናነሣው የጥናቱን ዋጋ ለማሳነስ ሳይሆን፣ ጠያቂው ይዞት የሚመጣው ጥያቄ የተጠያቂውን ትዝታ ቅርጽ እንደሚያስይዘው ስለምናውቅ ነው። ወሰኑ የት ነው፣ ተጠቃሚው ማን ነው፣ ቅጣቱ ምንድን ነው ተብለው የተጠየቁ ሽማግሌዎች የሚመልሱት ስለ ወሰን፣ ስለ ተጠቃሚና ስለ ቅጣት ነው። ያልተጠየቁት ነገር በመዝገቡ ውስጥ ባይገኝ፣ በኑሮው ውስጥ አልነበረም ለማለት አያስደፍርም።

ትውፊቱ እንደሚለው፣ የጓሳን ምድር አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች ተካፈሉት፤ የሁለቱንም ድርሻ ወሰን የለየው የፈረስ ግልቢያ ነበር። ዘመኑ 17ኛው ምዕተ ዓመት ነው ይባላል። ከዚህ ትውፊት አጠገብ ሌላ ትውፊት አለ፦ መንዝ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት መከፈሉ ከሦስት ቀደምት አባቶች ጋር የሚያያዝበት፣ ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» መጽሐፉ ውስጥም የመንዝን ታሪክ ሲያወሳ የምናገኘው ትረካ። ጌራ በሁለቱም ውስጥ አለ፤ አስቦ ግን በሦስቱ ስም መካከል አይገኝም። ይህን ግጭት ለማስታረቅ አንዱን ትረካ ትክክል፣ ሌላውን ስሕተት ማድረግ አያስፈልግም። የሦስትዮሹ ትረካ የአገር ግዛትን አከፋፈል ያስረዳል፤ የሁለትዮሹ የአንድ ደጋ የሣር መብት ለማን እንደሚገባ ያስረዳል። ሁለቱም የሚያገለግሉት በተነገሩበት ዘመን የነበረውን መብት ለማጽደቅ ነው፤ የፈረስ ግልቢያው ታሪክም ተፈጽሞ ይሁን አይሁን፣ ወሰኑ በክርክር ሳይሆን በስምምነት የጸና መሆኑን ለትውልድ የሚያስታውስ ፍርድ ሆኖ አገልግሏል።

ስለ ዕድሜውም እንዲሁ። ጌራ የ17ኛው ምዕተ ዓመት ሰው ከሆነ፣ ከሸዋ ሥርወ መንግሥት መሥራች ከነጋሲ ክርስቶስ ዘመን ብዙም የማይርቅ፣ መንዝ እንደ ገና በሚደራጅበትና መሬት ላቀናው በሚሰጥበት ጊዜ የነበረ ሰው ነው ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ «400 ዓመት» የሚለው ቁጥር ትክክል የሚሆነው ምዕተ ዓመቱን እስከ መጀመሪያው ዳር ስንጎትተው ብቻ ነው። ሦስት መቶ ዓመት ያለፈው ሥርዓት ነው ብንል ከማስረጃው አንወጣም፤ ከዚያ በላይ ማለት ግን ምንጩ ከሚሸከመው በላይ መጫን ይሆናል።

ሥርዓቱ እንዴት ይሠራ እንደነበር ሲመጣ ምስክርነቱ ጠንካራ ነው፤ ምክንያቱም የተናገሩት ሰዎች አይተውታልና። ተጠቃሚው ሕዝብ አባ ቀራ ወይም አፈሮ የሚባል አለቃ ይመርጣል። አለቃው ጓሳው እንዲዘጋ ሲያውጅ፣ ሣር ማጨድም ሆነ ከብት ማሰማራት ይከለከላል፤ መዘጋቱም አንዳንድ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ተከታታይ ዓመት ይቆያል። ምድሩን የመጠበቅ ተራ የተጠቃሚው ግዴታ ነው። ሣሩ ሲደርስ፣ ወይም ድርቅ ሆኖ ከብቱ የሚበላው ሲያጣ፣ የመክፈቻው ቀን ይታወጃል፤ ያን ጊዜ ማጭድና ጠፍር የያዘ ሁሉ ወደ ደጋው ይወጣል፤ ክረምቱ ሲገባም ምድሩ እንደ ገና ይዘጋል።

የመዘጋቱ ርዝመት ከሣሩ ባሕርይ የመነጨ ነው። ጓሳ የሚባለው ሣር፣ ደጋው ስሙን የወሰደበት፣ በየጉብታው የሚበቅል ጠንካራና ረጅም ሣር ነው። የቤት ክዳን የሚሆነው ሳይጋጥና ሳይረገጥ ቁመቱን ሲጨርስ ነው፤ ከጭቃ ጋር ተቦክቶ ግድግዳ ይመረግበታል፣ ተገምዶ ገመድ ይሆናል፣ ተጎንጉኖ በዝናብ ጊዜ እረኛው የሚከናነበው ገሳ ይወጣዋል። ዛፍ በሚያጥርበት፣ በጉ የሱፍ ባና የሚሰጥበት፣ ገብሱን ውርጭ በሚመታበት አገር ይህ ሣር የቤቱ ጣሪያም የክፉ ቀን መጠባበቂያም ነበር። ዓመት በዓመት የሚጋጥ መሬት ግጦሽ ይሰጥ ይሆናል፤ ክዳን ግን አይሰጥም። አምስት ዓመት መታገሥን ያስገደደው ይህ ነው። የመንዝ ገበሬ የራሱን የሣር ፍላጎት በትክክል ያሰላ ሰው ነበር፤ በዚያ ስሌት ውስጥ ቀይ ቀበሮ ስሙ መነሣቱን የሚያሳይ ማስረጃ ግን አላገኘንም።

ስለ ቅጣቱ የሚነገረው ከባድ ነው። ሕጉን የጣሰ ሰው በአደባባይ እንደሚገረፍ፣ ቤቱም እስከ መቃጠል እንደሚደርስ በቃል ይተላለፋል። እነዚህን ትረካዎች በጥንቃቄ ልናነብባቸው ይገባል። የቅጣት ታሪክ በጊዜ ርቀት እየከበደ የመሄድ ጠባይ አለው፤ ይልቁንም ሥርዓቱ ከፈረሰና ምድሩ ከተደፈረ በኋላ «ያኔ እንዲህ ነበር» ብሎ የሚናገር አንደበት የዛሬውን ልቅነት ለመውቀስ የትላንቱን ጥብቅነት ሊያጎላው ይችላል። ያም ሆኖ፣ ቤት ማቃጠልን የመሰለ ቅጣት በሰው ትዝታ ውስጥ መቅረቱ ራሱ አንድ ነገር ያረጋግጣል፦ ቀሮ በመግባባት ብቻ ሳይሆን በፍርሃትም ጭምር የቆመ ሥርዓት ነበር።

ከዚህም የሚከብድ ጥያቄ አለ። ሣሩ የማን ነበር? መልሱ የርስት ነው። በጓሳ የመጠቀም መብት የአጽመ ርስት መብት ነበር፤ ዘሩን ቆጥሮ ከአስቦ ወይም ከጌራ የሚደርስ ሰው ያጭዳል፣ የማይደርስ አያጭድም። አለን ሆበን እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናቱ በጎጃም እንዳሳየው፣ የርስት ቆጠራ በአባትም በእናትም ስለሚሄድ በሩ ለብዙ ሰው ክፍት የሚመስል፣ ዳሩ ግን ሙግትና ጉልበት የሚጠይቅ ነበር። ርስት የሌለው ጢሰኛ፣ ከሌላ አገር መጥቶ የሰፈረ፣ በእደ ጥበብ የሚተዳደር ሰው ከዚህ በር ውጭ ነበር። እንግዲህ ዛሬ «ማኅበረሰብ» ብለን በአንድ ቃል የምንጠራው በዚያ ዘመን በሁለት ተከፍሎ ነበር፤ ሣሩን ያተረፈው አጥር ጎረቤትንም ያገለለ አጥር ነው። ስለ ሥርዓቱ በዝርዝር ሊናገር የሚችለው በውስጡ የነበረው ሰው ስለሆነ፣ በውጭ የነበረው ሰው ድምፅ በመዝገቡ ውስጥ ቀጭን ሆኖ ይሰማል።

ወደ አውሬው እንመለስ። ቀይ ቀበሮን ለዓለም ሳይንስ ያስተዋወቀው በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ስሜንን የጎበኘው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ሲሆን፣ የሳይንስ መጠሪያውም ያንኑ የስሜንን ስም ይዞ ቀርቷል። በጓሳ ስላለው ኑሮው በሚገባ የተጻፈው ግን ዘለዓለም ተፈራና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት ነው። ጥናቱ እንዳሳየው የጓሳ ቀይ ቀበሮ ከብሔራዊ ፓርክ ውጭ፣ ሰውና ከብት በሚመላለሱበት ምድር እየኖረ፣ ምግቡ በአብዛኛው የደጋ አይጥ ነው። ለዓመታት ያልተጋጠና ያልታረሰ ጓሳ ለአይጡ መሸሸጊያ፣ ለአዳኙ ጓዳ ይሆናል። ለክዳን ተብሎ የተዘጋው መሬት፣ ዘጊው ሳያስበው፣ ለአውሬው ከተዘጋ መሬት ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ።

ይህን የሚያጎላ አንድ ነገር እዚያው ጓሳ ላይ ተመዝግቧል። ጭላዳዎች በመቶ እየሆኑ ተቀምጠው ሣር ሲነቅሉ፣ ቀይ ቀበሮ ብቻውን፣ ረጋ ባለ እርምጃ፣ በመካከላቸው ይመላለሳል፤ ልጆቻቸውን አይነካም፣ እነርሱም አይሸሹትም። ቪቬክ ቬንካታራማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ቀበሮው በጭላዳዎች መካከል ሆኖ አይጥ ለመያዝ ከሚያደርገው ሙከራ 67 በመቶው ሲሳካለት፣ ብቻውን ሲሆን የሚሳካለት 25 በመቶው ብቻ እንደሆነ አስፍረዋል። እንዲህ ያለው መቻቻል ጊዜና ጸጥታ የሚፈልግ ስለሆነ፣ ውሻና እረኛ ዓመቱን ሙሉ በሚያውኩት ሜዳ ላይ በቀላሉ የሚገኝ አይመስለንም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31/1967 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ፣ ቀሮ የቆመበትን የርስት መሠረት በአንድ ቀን ነቀለው። ስለዚህ ወቅት ሁለት ዓይነት ፍርድ እናገኛለን። አንደኛው አዋጁ ለዘመናት የተጠበቀ ሀብት ለማንም ወጪና ወራጅ እንዲጋለጥ አደረገ ይላል፤ ሁለተኛው ከጓሳ ተገልለው ለኖሩት የመጀመሪያውን መብት ሰጠ ይላል። ሁለቱም እውነት ናቸው ስንል ለማስታረቅ ብለን አይደለም፤ አንዱ ለሌላው ምክንያት ስለሆነ ነው። የአፈሮው ሥልጣን ከርስቱ የተለየ ሕልውና ስላልነበረው፣ ፍትሕ የጎደለውን ክፍል ነቅሎ ጥበቃውን ማስቀረት አልተቻለም። አዋጁን የጻፉት ሰዎች የገበሬውን ጭሰኝነት አዩ እንጂ፣ በርስት ውስጥ የሣር ሕግ መኖሩን ያሰቡበት አይመስልም።

ቀጥሎ የሆነው ነገር ግን ከሁለቱም ፍርዶች የሚያፈነግጥ ነው። ሕዝቡ ብዙም ሳይቆይ የጓሳ ኮሚቴ የተባለ አካል ከየገበሬ ማኅበሩ በተውጣጡ ተወካዮች አቋቁሞ፣ መዝጋትና መክፈቱን በአዲስ ስም ቀጠለ። ለምን በኮሚቴ? አዋጁ የአንድ ገበሬ ማኅበር ክልል ቢያንስ 20 ጋሻ፣ ማለትም 800 ሄክታር፣ እንዲሆን ደንግጎ ነበር፤ የጓሳ ደጋ ግን ወደ 10,000 ሄክታር የሚጠጋ ነው። በእኛ ግምት ማንኛውም ማኅበር ብቻውን ሊጠብቀው የማይችል፣ ሁሉም ግን የሚፈልገው ሀብት በመሆኑ፣ ከማኅበራቱ በላይ የሆነ አካል መፍጠር ግድ ሆነ። ኮሚቴው የአፈሮውን ያህል የመቅጣት ኃይል አልነበረውም፤ ሕገ ወጥ አጨዳና ግጦሽም በርትቷል። ተጠቃሚው ግን የዘር ሐረግ መቁጠሩ ቀርቶ በአካባቢው መኖሩ ይበቃው ጀመር። ስለዚህ «ያልተቋረጠ ሥርዓት» የሚለውን አነጋገር አንቀበልም። ሥርዓቱ ተቋርጧል፤ ያልተቋረጠው መዝጋት ይገባል የሚለው ልማድና ሣሩን የሚፈልገው ኑሮ ነው።

ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ጓሳ ተመራማሪዎችንና ለጋሾችን እየሳበ መጣ። የፍራንክፈርት የእንስሳት ጥናት ማኅበር ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ለዓመታት ሠርቷል፤ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የፒተር ፋሺንግና የንጋ ንጉየን የጭላዳ ጥናት በዚያው ተካሂዷል። በመጨረሻም የአማራ ክልል መንግሥት ምድሩን በሕግ የመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አደረገው፤ ከአዋሳኝ ቀበሌዎች የተመረጡ ተወካዮች ይመክሩበታል፣ ከሕዝቡ የተቀጠሩ ጥበቃዎች ይዞሩታል። በዚህ ጊዜ የዓላማ ለውጥ መደረጉን ልብ ማለት ያስፈልጋል። በአፈሮው ዘመን ሣር ዋና፣ አውሬ የሣሩ ተከታይ ነበር። በሕጉ ዘመን አውሬው ወደ ፊት መጥቶ፣ ቆርቆሮ በየቤቱ ጣሪያ ላይ በወጣ ቁጥር ደግሞ የሣሩ አስፈላጊነት እየቀነሰ ነው። ቀድሞ ጠባቂውን ያነሣሣው የራሱ ጣሪያ ነበር፤ አሁን የሚያነሣሣው ከጎብኚ የሚገኘው ገቢ፣ የግጦሽ ተስፋና ለምድሩ ያለው ክብር ድምር ነው። የአዲሱ ድምር ጽናት እንደ ጥንቱ በክፉ ዘመን ገና በቅጡ አልተፈተነም።

የጓሳን መንገድ ከስሜን ጋር ማነጻጸር ጠቃሚ ነው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቁሞ፣ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ከመዝገቡ የወጣው በ2017 ሲሆን፣ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ነዋሪ እንዲነሣ ተደርጎ ነበር። በስሜን ቀይ ቀበሮ አልጠፋም፤ ከዓለም ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም የሚገኙት በባሌ ተራሮች ነው። ስለዚህ ሕዝብ ሲጠብቅ ይተርፋል፣ መንግሥት ሲጠብቅ ይጠፋል የሚል ቀላል ሕግ ማውጣት አይቻልም። ጓሳ የሚያሳየን ሰውን ሳያስነሡ መጠበቅ ይቻል እንደነበረ ነው፤ ይህም በራሱ ትንሽ ነገር አይደለም።

የሥርዓቱም አቅም ወሰን አለው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በባሌ የእብድ ውሻ በሽታ ቀይ ቀበሮዎችን በብዛት ሲፈጅ እንደታየው፣ ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ የትኛውንም ወሰን አይጠይቅም። አፈሮው ማጭድ ያዡን ሊከለክል ይችላል፤ በሽታን ግን ክትባትና የሠለጠነ ክትትል እንጂ አዋጅ አይመልሰውም። የጥንቱ ሥርዓት ለጥንቱ አደጋ የተበጀ ነበር።

እንግዲህ በመግቢያችን የለየናቸውን ሦስት ነገሮች እንዝጋቸው። በዕድሜ ረገድ፣ ቀሮ ጥንታዊ ነው፤ ዕድሜው ግን ከ400 ይልቅ ወደ ሦስት መቶ ዓመት ይቀርባል፣ ማስረጃውም የቃል ነው። በዓላማ ረገድ፣ ሕጉ የወጣው ለሣር ነበር፤ ቀይ ቀበሮ የሕጉ ተጠቃሚ እንጂ ምክንያት አልነበረም። በቀጣይነት ረገድ፣ ቢያንስ ሦስት ሥርዓቶች ተተካክተዋል፤ አንዱ በርስት፣ አንዱ በገበሬ ማኅበር፣ አንዱ በክልል ሕግ የቆመ። ሦስቱን የሚያገናኘው የመዝጋትና የመክፈት ውሳኔ በየዘመኑ ምድሩን በሚጠቀመው ሰው እጅ መቆየቱ ነው። የጓሳን ታሪክ እንደ ምሳሌ ወደ ሌላ ደጋ ሊወስድ የሚያስብ ሰው ሊወስደው የሚገባው ይህን ነው፤ የአፈሮውን ማዕረግ ወይም የግርፋቱን ወግ መቅዳት የትም አያደርስም። የዛሬው ሕግ የሚመዘንበትም ሚዛን ከዚሁ ይወጣል፦ ውሳኔው ከቀበሌዎቹ ምክር ወጥቶ ወደ ቢሮ የገባ ቀን፣ ምድሩ በወረቀት ላይ ጥብቅ ሆኖ ቢቀጥልም፣ ጎሽ ሜዳን ከጓሳ የለየው ነገር አብሮት ላይቀጥል ይችላል።